የባለካፖርቱ ጥያቄ

ጥቅምት 5፣ ሰኞ

ከዛሬ ጀምሮ የስኳር ታካሚዎች ማስተማሪያ ክፍል ኃላፊ ሆኛለሁ።

ክፍሉ ከመድኃኒት ቤቱ አጠገብ ነው። ስድስት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የእግር ሥዕል፣ መርፌ መለማመጃ ስፖንጅ። መስኮቱ አይከፈትም። አለቃዬ ሲስተር ቁልፉን ስትሰጠኝ «አንተ አፍ አለህ፣ ሰዉም ይወድሃል። ሌሎቹ ሲያስተምሩ ታካሚው ወንበሩ ላይ ይተኛል» አለች። ደስ ብሎኛል። ለምን እዋሻለሁ?

አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ኢንሱሊን ጀማሪ። አንደኛው ስድሳ የሚሆናቸው ሰውዬ ከነካፖርታቸው ገቡ። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል። «ጋሼ፣ ከየት አገር ነው የመጡት? እዚያ በረዶ አለ እንዴ?» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። እሳቸውም ሳቁ። ካፖርቱን ግን አላወለቁም።

አውራ ጣታቸው ላይ ቁስል አለ። ጫማ የላጠው ነው፤ አልደርቅ ብሎ ከርሟል። ሐኪሙ ክኒኑ ብቻውን አልቻለም ብሎ ኢንሱሊን ጨመረላቸው። ስኳሩ ካልወረደ ጣቱ እንደሚቆረጥም ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። ስለዚህ ለሳቸው ስል ደገምኩት፦ ጠዋት ብዙውን፣ ማታ ትንሹን፣ ተወግተው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ምግብ። ስፖንጁ ላይ ወጉ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ጎበዝ ናቸው።

መሃል ላይ ግን ዓይናቸው ቀልቶ ሲያንጎላጁ ያዝኳቸው። «ጋሼ፣ የኔ ድምፅ እሹሩሩ ነው እንዴ?» ደግሞ ሳቅ። አፈሩ፣ ቀና ብለው ተቀመጡ።

ልንጨርስ ስንል እጃቸውን አወጡ። «እኔ ግን ዶክተር፣ ሥራዬ…»

«ሥራዎን ይሠራሉ ጋሼ! ኢንሱሊን ከሥራ አይከለክልም።»

አፋቸውን እንደከፈቱ ትንሽ ቆዩ። «ገባዎት?» አልኩ። «ገባኝ፣ ዶክተር።»

ዶክተር አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ። ግን ሁሉም እንዲህ ነው የሚለኝ፤ ማን በየሰዓቱ ያርማል? አለቃዬ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ስወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ጥቅምት 6

አንዲት እናት ስትወጣ «ልጄ፣ እንዳንተ ያስረዳኝ የለም» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ቀኑን ሙሉ በዚያ ዋልኩ።

ጥቅምት 11፣ እሑድ

እናቴ ጋ ምሳ። የደም ግፊቷን ለካሁ፤ ከፍ ብሏል። «ክኒኑን በየቀኑ እየወሰድሽ…» «አዎ፣ አዎ» አለች ሳልጨርስ። ጨው እንድትቀንስ፣ እንድትራመድ፣ በደንብ አስረዳኋት። «እሺ ዶክተሬ» አለች። እያፌዘች ነው? ሳህኑን አነሳችብኝ፣ ገና ሳልጠግብ።

ጥቅምት 14፣ ረቡዕ

ባለካፖርቱ ሰውዬ ራሳቸውን ስተው መጡ።

ከምሳ በፊት ነው። ድንገተኛ ክፍል ሰው አንሷቸው ጠሩኝ። አልጋው ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ሸሚዛቸው ከውሃ የወጣ ይመስላል፣ ጥርሳቸው ገጥሟል። ከሰባ መውረድ የሌለበት ስኳራቸው ሃያ ስምንት። ሃያ ስምንት! ሰው በዚያ ቁጥር አይመለስም ይሆናል… ደም ሥር ፈለግኩ፣ አገኘሁ፣ ግሉኮሱን ሰጠን። ጥቂት ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። «ዶክተር» አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

ባለቤታቸው ጥግ ይዘው ቆመዋል። በአንድ እግራቸው የራሳቸውን ጫማ፣ በሌላው የባላቸውን አድርገው። ጎረቤት ባለ ታክሲ ነው ያደረሳቸው። «ብቀሰቅሰው፣ ብቀሰቅሰው… እንደ እንጨት» ይላሉ። ለማንም አይደለም የሚናገሩት።

ሐኪሙ ጋሼን ጠየቀ። «ከመርፌው በኋላ ምን በሉ?»

«ሻይ በዳቦ።»

«እሱ ምግብ ነው?» ወደ እኔ ዞረ። «አስተምረሃቸዋል አይደል?»

«አስተምሬያለሁ» አልኩ። እውነት ነው። አይደለም እንዴ?

«እሳቸውማ በደንብ አስተምረውኛል» አሉ ጋሼ ከአልጋው ላይ፣ ድምፃቸው ገና ሳይጠራ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

አለቃዬም ነበረች፣ ሁለት ተለማማጆችም። ሁሉም ሰሙ። ማንም የተለየ ነገር አላለም። እኔም።

ጥቅምት 15

ጠዋት ዋርድ ሄድኩ። ለምን? ለመጠየቅ ብል ደስ ይለኝ ነበር። የሄድኩት ለመቆጣት ነው።

«ጋሼ፣ ተወግተው ይብሉ አላልኩም?»

«ብለውኛል። ቀመስ አድርጌ ነበር። ከዚያ እንቅልፍ ጣለኝ።»

«በጠዋት? በጠዋት የምን እንቅልፍ ነው?»

አዩኝ። ተቸገሩ። እኔን ላለማሳፈር ቃል የሚመርጡ ይመስሉ ነበር። «ዘበኛ ነኝ እኮ፣ ዶክተር። የመጋዘን። ሌሊቱን ቆሜ አድራለሁ፣ ጠዋት ገብቼ እተኛለሁ። ደህና አድርጌ የምበላው ወደ ሥራ ስወጣ ነው፣ አመሻሽ ላይ።»

ካፖርቱ። ማንጎላጀቱ። ያ የቀላ ዓይን… ከጥበቃ በቀጥታ ነበር የመጡት። ቤታቸው ሳይገቡ፣ ሳይተኙ፣ እኔን ለመስማት። እኔ ደግሞ በረዶ አለ ወይ አልኩ።

ብዙውን መድኃኒት ወግተው፣ በባዶ ሆድ ሊባል በሚችል ሆድ፣ እንዲተኙ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ያልኩትን አንድም ሳያጎድሉ ፈጸሙ። ጠዋት አልኩ፣ ጠዋት ወጉ።

«ቀደም ሲልስ ምንም አልተሰማዎትም?»

«ትራሱ በላብ ይርሳል። እሷ አይታው ነበር። መድኃኒቱ በሽታውን በላብ እያስወጣው ነው አልኳት።»

ላብ አደጋ ነው ብዬ አስተምሬ ነበር። ግን ያስተማርኩት ለነቃ ሰው ነው… የሚንቀጠቀጥ፣ የሚርበው፣ ተነስቶ ስኳር የሚልስ ሰው። የተኛውን ማን ያየዋል? የምታየው ሚስቱ ናት። ባለቤታቸው ደግሞ የትምህርቱ ቀን ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። ወንበር የለም ብዬ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። አምስት ታካሚ፣ ስድስት ወንበር።

ልወጣ ስል ጋሼ እጄን ያዙ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። በሰው ፊት አሳፈርኩዎት።»

በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው፣ አንቱ እያለኝ።

ምን አልኩ? «ምንም አይደለም ጋሼ» አልኩ። ይቅር አልኳቸው! እኔ፣ እሳቸውን።

ጥቅምት 16፣ ዓርብ

የጠዋት ስብሰባ። ሐኪሙ ጉዳዩን አቀረበ፤ ታካሚው ተገቢው ትምህርት ተሰጥቷቸዋል፣ ምግብ ባለመመገባቸው ስኳራቸው ወርዷል፣ ተሽሏቸዋል። አለቃዬ «እንግዲህ ቤታቸው ሄደን አናጎርሳቸው» አለች። ተሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። የራሴን ሳቅ ለየሁት፤ ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም ይል ነበር።

ጥቅምት 17

ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። «ሰውዬው ለካ የሌሊት ዘበኛ ናቸው። በጠዋት የሚተኙት ለዚያ ነው። መጠኑ ቢገለበጥላቸውስ?»

«የሌሊት ዘበኛ? አልነገሩህም ነበር?»

«አልነገሩኝም።»

እንዲህ አልኩ። ሳላስብ ወጣ ልል ነበር አሁን ስጽፍ። አይደለም፤ አስቤበታለሁ። አንድ ትንፋሽ ያህል አስቤበታለሁ።

«አይ ሰው! ዋናውን ነገር ይዘው ይደብቃሉ እኮ» አለ ሐኪሙ። ወዲያው አዲሱን ትእዛዝ ጻፈ፦ ብዙው አመሻሽ ላይ፣ ከዋናው ምግብ በፊት፤ ትንሹ ጠዋት፣ እሱም በልተው ከሆነ። አደጋው ተወገደ። ለራሴ ይህን ስነግር ዋልኩ፤ ዋናው እሱ ነው፣ አደጋው ተወግዷል…

አልነገሩኝም? «ሥራዬ…» ብለው ጀምረው አልነበር? ዓረፍተ ነገራቸውን እኔ ነኝ የጨረስኩላቸው። በተሳሳተ ቃል።

ከሰዓት ሊወጡ ሲሉ አዲሱን አሠራር አስረዳሁ። ጋሼ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። «ገባኝ» አሉ። ባለቤታቸው የልብስ ፌስታሉን አንጠልጥለው ቆመዋል፤ አንዴም አላዩኝም። በሩ ላይ ሲደርሱ ብቻ ዞር አሉ።

«የመጀመሪያውም ገብቶት ነበር» አሉ እትዬ።

ጥቅምት 21

ሳስተምር በሩ በተከፈተ ቁጥር ቃል ይጠፋኛል። «ገባዎት?» ልል አፌን እከፍትና እዘጋለሁ። ሰው ሁሉ «ገባኝ» ይላል። ያልገባው ሰው ምን ይላል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ነጭ ጋውን ለለበሰ፣ ለቸኮለ ሰው «አልገባኝም» የሚል ማነው? እኔ ራሴ እላለሁ?

ጥቅምት 28፣ ረቡዕ

የጋሼ ቀጠሮ ነበር። አልመጡም።

የካርድ ክፍሏ ልጅ ደወለችላቸው። ባለቤታቸው ናቸው ያነሱት። «ተሽሎታል» አሉና ዘጉት። ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሰው ሲሻለው ይረሳናል» አለች። እኔ ግን ያ ጣት በዚህ ፍጥነት እንደማይድን አውቃለሁ።

ኅዳር 2፣ እሑድ

እናቴን ዛሬ ሌላ ነገር ጠየቅኳት። «ክኒኑን ትወስጃለሽ ወይ?» ማለት ትቼ «ትናንት ጠዋት ተነስተሽ ምን አደረግሽ?» አልኳት።

ተጠራጠረች። «ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ንገሪኝ እስቲ።»

ነገረችኝ። ገበያ ወጣች፣ ከጎረቤቷ ጋር ወረፋ ያዘች፣ ከሰዓት ለቅሶ ቤት። «ክኒኑንስ?» «ገበያ በምወጣ ቀን አልወስደውም። ሽንቴን ያጣድፈኛል። መንገድ ላይ የት ልሂድ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ? አንተ መልሱን ጨብጠህ ነው የምትመጣው። እሺ ካላልኩህ ደግሞ አትሄድልኝም።»

ሳቀች። እኔም ልስቅ ሞከርኩ። ስንት ወር ነው ‹አዎ፣ አዎ› የምትለኝ? ለእናቴ ያልሆንኩት ሰው ለማን እሆናለሁ?

ከገበያ ስትመለስ እንድትወስደው ተስማማን። ይህን ለመስማማት አንድ ደቂቃ አልፈጀብንም።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

ከሥራ ስወጣ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ስሙን ከካርዳቸው ላይ አይቼ ነው። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ጋሼ ገና ተረክበው የብረቱን በር ተደግፈው ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ካፖርቱን ለብሰዋል። በቀኝ እግራቸው ቆዳ ጫማ፣ በግራው ነጠላ ጫማ።

«ዶክተር! ምን ሆነው ነው እስከዚህ?» ዱካቸውን ሊሰጡኝ ተነሱ፣ አልቀበልም አልኩ፣ ታገልን። መጨረሻ ላይ ሁለታችንም ቆምን።

ከንፈራቸው ደርቋል። አጠገባቸው ትልቅ የውሃ ጀሪካን። መለኪያውን ይዤ ነበር፣ ጣታቸውን ሰጡኝ። ሦስት መቶ ዘጠና። ነጠላ ጫማውን አውልቀው አሳዩኝ። የቁስሉ ዳር ዳር ጠቁሯል።

«መድኃኒቱስ ጋሼ?»

«እሷ ጣለችው። እኔም አልከለከልኳትም። ክኒኑን ግን እውጣለሁ።»

«ጣትዎ እኮ…»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ፈሩ? ሞትን ነው?»

ወደ መንገዱ አዩ። «እኔ እኮ ሃያ ዓመት በላይ ይህን በር ጠብቄያለሁ። የተነገረኝን እሠራለሁ፤ አልቸኩል፣ አልዘነጋ። መርፌውንም እንደዚያው፣ አንድ በአንድ እንደነገሩኝ አደረግኩ። ግን ተሳሳትኩ፤ ሐኪሙም አለ፣ እኔም አልኩ። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ግን እስካሁን አላውቀውም። የቱ ጋ እንደሚሳሳት የማያውቅ ሰው ደግሞ መርፌ ይያዝ?»

አሁን መናገር ነበረብኝ። ቃሉ እዚህ ደርሶ ነበር፣ ጥርሴ ሥር። «ጋሼ…» አልኩ።

የጭነት መኪና መጥቶ ጥሩንባ ነፋ። በሩን ሊከፍቱ እያነከሱ ሄዱ። ሹፌሩ ወርዶ ወረቀት ያሳያቸዋል፣ ይጨቃጨቃሉ፣ አንዳች ነገር ብለው ይሳሳቃሉ…

ሲመለሱ አላገኙኝም። መኪናውን ተገን አድርጌ ሄድኩ። ልክ እንደ ሌባ። የሰረቅኩት ምን እንደሆነ ግን አሁን አውቃለሁ። የራሳቸውን እጅ ያምኑ ነበር፤ ያንን ነው።

ኅዳር 6

ዛሬ ምንም አልጽፍም።

ኅዳር 9፣ እሑድ

ቤታቸው ሄድኩ። ከሰዓት፣ ከእንቅልፍ ሲነሱ ይሆናል ብዬ ገምቼ። አንድ ክፍል ከጓዳ ጋር። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ በሚስማር ተመቷል፤ ቀን እንዲተኙ ነው። ይህን ብርድ ልብስ አንድ ጊዜ ባይ ኖሮ ሁሉም ነገር ይገባኝ ነበር።

እትዬ በሩን ከፍተው አልዘጉብኝም፣ ግባም አላሉኝም። ጋሼ ከውስጥ «ማነው?» አሉ። «የሆስፒታሉ» አሉ እትዬ። ስም የለኝም።

ቆሜ ተናገርኩ። ቁጭ ብል የምጨርሰው አልመሰለኝም። «ጋሼ፣ አልተሳሳቱም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ ብለው ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው… አቋረጥኩዎት። ጥያቄዎን የማውቅ መስሎኝ ያልጠየቁትን መለስኩ። ለሚተኛ ሰው ብዙውን በጠዋት ይውጉ ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ያልኩትን ነው ያደረጉት።»

ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። 

«ሥራዬ ሌሊት ነውና የቱን ጠዋት ልበል… ልልህ ነበር» አሉ። «በኋላ ሳስበው ጭራሽ ያልጠየቅኩ መሰለኝ። አልጠየቅኩም ብዬ ለሷም ነግሬያታለሁ።»

«ጠይቀው ነበር።»

«ጠይቄ ነበር» አሉ፣ ለባለቤታቸው። አንገታቸው ቀና ሲል አየሁ።

እትዬ ግን ገና አልጨረሱም። «ያን ቀን ጥፋቱ የኔ ነው ሲል ስንት ሰው ነበር?»

«ሐኪሙ… አለቃዬ… አራት፣ አምስት።»

«ለነሱ ነግረሃቸዋል?»

«አልነገርኩም።»

«ታዲያ እኛ ጓዳ ገብተህ ነው ወንድ የምትሆነው?»

«ተይው እንጂ» አሉ ጋሼ።

«አልተወውም! አንተን ተኝተህ በአምስት ሰው ፊት ሲያስወቅስህ እሱ ቆሞ ነበር፤ ቀጥ ብሎ፣ ነጩን ለብሶ። እኔ ደግሞ ባሌን የገደልኩት እየመሰለኝ፣ ላቡን እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ እያልኩ…» ድምፃቸው ተሰበረ፤ ወዲያው መልሰው አጠነከሩት። «እዚያው ሄደህ ተናገር። የመርፌው ነገር ከዚያ በኋላ ይታያል።»

መንገድ ላይ አሰብኩት። ሴትዮዋ ቅጣት አይደለም የፈለጉት። እዚያ ዝም ያለ ሰው ነገ የሚነግራቸውን በምን ይመኑት?

ኅዳር 10፣ ሰኞ

ተናገርኩ።

በስብሰባው መጨረሻ «ሌላ ያለው አለ?» ስትል አለቃዬ እጄን አወጣሁ። እጄ ከበደኝ፤ የጋሼም እጅ እንዲህ ከብዷቸው ይሆን? አልኩ፦ ባለፈው ወር ስኳራቸው የወረደባቸው ሰው ምግብ አልዘለሉም። የሌሊት ሠራተኛ ናቸው፣ ሊነግሩኝ ጀምረው አቋረጥኳቸው። ሐኪሙን አልነገሩኝም ብዬ ዋሽቻለሁ። ይህ ነው።

ወንበር ሲንቋቋ ይሰማ ነበር። ሐኪሙ «እንዴ» አለ። አንደኛዋ ተለማማጅ ጫማዋን ታያለች።

በኋላ አለቃዬ ቢሮዋ ጠራችኝ፤ በሩን ዘጋች። «ማን ጠየቀህ? ነገሩ ያለቀ የደቀቀ አልነበረም? አሁን ኮሚቴ ይቀመጥበታል፣ ክፍሉንም ሊነጥቁህ ይችላሉ። ዓርብ ይወሰናል።»

«እሺ።»

«እሺ ይለኛል እንዴ!» ወረቀት አነሳች፣ አስቀመጠች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔስ በሩ ላይ ቆሜ አልነበር?» አለች። «ስታቋርጣቸው ሰምቻለሁ። ጥሩ መልስ መስሎኝ ነበር።»

ቀለለኝ? አይ። ሰው ሁሉ ኮሪደር ላይ ሰላም ሲለኝ ትንሽ ቀድሞ ዓይኑን ይሰብራል። ይህ መቼም ቶሎ አይለቅም።

ኅዳር 11

እስከ ዓርብ ሌላ ሰው ስለሌላቸው ክፍሉ እኔው ጋ ነው። ዛሬ ከውጭ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ሁሉ አስገባሁ። ሚስት፣ ልጅ፣ አንዱ ደግሞ አማቱን ይዞ። ወንበር ስላልበቃ እኔ ቆምኩ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ።

መርፌውን ሳላነሳ በፊት «ትናንት ከእንቅልፍዎ ተነስተው እስኪተኙ ምን ዋሉ?» አልኩ።  አንድ ሹፌር መናገር ጀመረ፣ ማቆምም አልቻለ። መድኃኒቱን መኪናው ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፣ ፀሐይ ላይ። ተበላሽቶበት ሊሆን ይችላል ያለው የለም። ሚስቱ «እኔ ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ ማን ሰምቶኝ!» አለች።

አንዲት አሮጊት «ዶክተር» ሲሉኝ «ነርስ ነኝ እናቴ» አልኳቸው። ወደ ልጃቸው ዞር ብለው «ነርስ ነው ለካ። ለዚያ ነው ቁጭ ብሎ የሚያወራን» አሉ። ሳቅ ሆነ። በኔ ላይ መሳቁ ሳይሻል አይቀርም።

ግን ሰዓቱ አልበቃም። ያልደረሳቸውን ሁለት ሰዎች ለነገ ቀጠርኩ። አንደኛው «ከሥራ አስፈቅጄ ነው የመጣሁት፣ ቀልደኛ!» ብሎኝ ሄደ። እውነቱን ነው። ይህንንም እንዴት እንደማደርገው አላውቅም ገና።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

ከሰዓት እንደገና ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ በራፉ ላይ ልብስ ያሰጣሉ።

«ተናገርክ?»

«ተናገርኩ፣ እትዬ። ካላመኑኝ አለቃዬን…»

«ጠይቄያታለሁ። ትናንት ሄጄ ነበር።» የልብስ መቆንጠጫውን ከአፋቸው አወጡ። «በሁሉ ፊት ነው አለችኝ። ቀይ ሆነህ ነበር አለችኝ።»

ጋሼ ተነስተው እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ እያጠቡ ነበር። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጥቁሩ አልሰፋም፣ አልጠበበምም። እዚያው ነው። በዚህ ስኳር ብዙ አይቆይም፤ ይህንንም ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው። መርፌ ቢጀምሩ ጣቱ በእርግጥ ይተርፋል ብዬም ቃል አልገባሁም። ይተርፋል ብል ደስ ባላቸው ነበር። አላውቅማ።

«እሺ ንገረኝ» አሉ ጋሼ። አንተ ነው የሚሉኝ አሁን፤ ልጃቸውን እንደሚሉት። «ብጀምር፣ በየትኛው ሰዓት ነው የሚያስፈራው?»

አልመለስኩም። «እርስዎ ንገሩኝ ጋሼ። ከሥራ ሲገቡ ጀምሮ።»

ነገሩኝ። የሚገቡበትን፣ የሚቀምሱትን፣ የሚተኙበትን።  ሁለት ጊዜ ላቋርጥ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ሲያበቁ ራሳቸው ደረሱበት፦ «እንግዲያው ተኝቼ ነው የሚያስፈራው። ያን ጊዜ ደግሞ የምታየኝ እሷ ናት።»

«አዎ።»

«እንግዲያው መማር ያለባት እሷ ናት።»

«እኔ ገና እሺ አላልኩም!» አሉ እትዬ ከውጭ። እርጥቡን ሸሚዝ አራገፉት፣ ጠብታው እስከ እኔ ደረሰ። «ያን ቀን ያየሁትን አንተ አላየህም። እንደ እንጨት ነበር። መድኃኒት ብለህ የሰጠኸውን ነበር የወሰደው።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ሌሊቱን ላስብበት።»

ጋሼ በዓይናቸው ዝም በል አሉኝ። 

ለነገ ቀጠሮ ይዤላቸዋለሁ። ጠዋት አይደለም፤ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከእንቅልፍ ነቅተው ወደ ሥራ ከመውጣታቸው በፊት። ለሁለት ሰው። ስወጣ እትዬን «ትመጣላችሁ?» አልኳቸው። «ከመጣን ታየናለህ» አሉ።

ኮሚቴው ስለኔ የሚወስነው ዓርብ ነው። እትዬ የሚወስኑት ነገ፣ ዘጠኝ ሰዓት።